የዳኮታን ሰመር «በጋ» ያለው ማነው?

በየዓመቱ ግንቦት አካባቢ የሰመር (ከጁን እስከ ኦገስት) ትንበያ ካርታ በየቴሌግራም ግሩፑ መዞር ይጀምራል። የአሜሪካ ሰሜናዊ ሜዳ የሆኑት ሰሜን ዳኮታ፣ ደቡብ ዳኮታ፣ ምዕራብ ሚኒሶታ፣ ምሥራቅ ሞንታና ብርቱካናማ ከተቀቡ በቃ፣ አንዱ ከሥር «ዘንድሮ ልንጠበስ ነው» ብሎ ይጽፋል። ሰርግ ያለበት ሌላው ደግሞ «ጁላይ አጋማሽ ቅዳሜ ይዘንባል እንዴ?» ይላል። ሁለቱም የሰሙት ካርታው ያላለውን ነው።

«ቀለሙ በጠቆረ ቁጥር ሙቀቱ ይብሳል።» አይብስም። የአሜሪካ የአየር ንብረት ትንበያ ማዕከል በየወሩ ሦስተኛ ሐሙስ የሚያወጣው ይህ ካርታ ስንት ዲግሪ እንደሚሆን አይናገርም፣ ዕድሉን ብቻ ነው የሚናገረው። በፈረንጆቹ ከ1991 እስከ 2020 ያሉትን 30 ሰመሮች ከሞቃቱ ወደ ቀዝቃዛው ደርድሯቸው። 10ሩ ሞቃት፣ 10ሩ መካከለኛ፣ 10ሩ ቀዝቀዝ ያሉ ይሆናሉ። ምንም ፍንጭ ከሌለ መጪው ሰመር ከሦስቱ በአንዱ ውስጥ የመውደቁ ዕድል እኩል 33 በመቶ ነው። ካርታው የሰሜን ዳኮታ ከተማ በሆነችው ፋርጎ ላይ «40 በመቶ ከመደበኛው በላይ» ካለ፣ ሚዛኑ ትንሽ ወደ ሙቀቱ አዘንብሏል፣ አለቀ። 60 በመቶው አሁንም ሌላ ቦታ ነው። ቀለሙ ሲጠቁር የሚጨምረው የተንባዮቹ እርግጠኝነት እንጂ ቴርሞሜትሩ አይደለም። ነጩ ቦታም «መደበኛ ይሆናል» ማለት አይደለም፤ ሦስቱም እኩል ናቸው ማለት ነው፣ በጨዋ ቋንቋ «አናውቅም»። የሰርጉን ቅዳሜ ነገር ደግሞ ሳምንት ሲቀረው ጠይቁ። የ3 ወር ካርታ ስለ አንድ ቀን ምንም የሚለው የለውም።

እኔን ግን ከሁሉ የሚያስቀኝ «ሰመር በጋ ነው፣ በጋ ደግሞ ደረቅ ነው» የሚለው ነው። ይሄ የራሳችን የትርጉም ጣጣ ነው። አገር ቤት በጋ ደረቁ ወቅት፣ ክረምት ደግሞ ከሰኔ እስከ መስከረም ያለው ዝናብ ነው። እዚህ መጥተን ሙቀቱን ብቻ አየንና ሰመርን በጋ፣ ዊንተርን ክረምት አልነው። ዝናቡን ብናይ ኖሮ ተገላቢጦሽ ነበር የምንለው። በዳኮታዎቹ አብዛኛው የዓመቱ ዝናብ የሚወርደው ከኤፕሪል እስከ ሴፕቴምበር ነው፣ ከወሮቹ ሁሉ ደግሞ ጁን ይበልጣል፤ እርጥበቱ ከሜክሲኮ ባሕረ ሰላጤ በደቡብ ነፋስ ተጭኖ ይመጣል። ጎጃም ያለው ገበሬ በሰኔ ሰማይ ሰማይ እንደሚያየው፣ ቢስማርክ አካባቢ ስንዴ የዘራውም በዚያው ሰሞን አንገቱን ቀና አድርጎ ነው የሚውለው። እውነተኛው ደረቅ ጃንዋሪ ነው። በረዶው መንገድ ሞልቶ ብዙ ይመስላል እንጂ ቢቀልጥ ውሃው እዚህ ግባ የሚባል አይደለም።

ስለዚህ የጁን ዝናብ ከቀረ ቀረ። በ2017 ያ ነው የሆነው። የወቅት ትንበያው አስቀድሞ አላየውም፤ ዝናቡ ቀረ፣ ሙቀቱ መጣ፣ በሳምንታት ውስጥ ሰሜን ዳኮታና ምሥራቅ ሞንታና ከባድ ድርቅ ውስጥ ገቡ፣ መኖ ያጣው አርቢም ከብቱን ይዞ ወደ ጨረታ ወጣ።

«ኤልኒኖ ከመጣ ድርቅ ነው» የሚሉም አሉ፤ ኤልኒኖ ማለት የፓስፊክ ውቅያኖስ ውሃ በምድር ወገብ አካባቢ ከወትሮው ሲሞቅ ነው። ለእኛ አገር ክረምት ስጋቱ እውነት ነው፣ በፈረንጆቹ የ2015ቱን ድርቅ ማን ይረሳል። ሰሜኑ ሜዳ ላይ ግን ኤልኒኖ ጉልበቱን የሚያሳየው በዊንተር ነው፣ ብዙ ጊዜም ብርዱን ያለዝበዋል። በሰመር እጁ ደካማ ነው።

«እዚያ የብርድ አገር ነው፣ ምን ሙቀት አለ?» ስቲል የምትባለው የሰሜን ዳኮታ ከተማ ጁላይ 6 ቀን 1936 ከ49 ዲግሪ ሴልሺየስ በላይ ተለካባት። በዚያው ዓመት ፌብሩዋሪ ላይ ፓርሻል ከዜሮ በታች 51 ገብታ ነበር። በአንድ ግዛት፣ በ5 ወር ውስጥ፣ የ100 ዲግሪ ልዩነት! ወበቁ ደግሞ ሌላ ነው፤ ጁላይ ላይ ያ ሁሉ የበቆሎ ማሳ ውሃውን ወደ አየር ሲተነፍስ ሸሚዝ ጀርባ ላይ ይለጠፋል።

በሰመር በረዶ የለም? በአማርኛ ሁለቱንም በረዶ ስለምንል ነው የምንሸወደው። ነጩ አይጥልም፣ ድንጋዩ ግን ይጥላል። በ2010 ጁላይ ቪቪያን፣ ደቡብ ዳኮታ ላይ የወደቀው 20 ሳንቲ ሜትር ስፋትና 900 ግራም ገደማ ክብደት ነበረው፤ በአሜሪካ ከተመዘገቡት ትልቁ ነው። የመኪና መስታወት እሱን አይችልም።

«ቶርኔዶ የኦክላሆማ ነው» የሚለውን እንኳ ተዉት። ፋርጎን ጁን 20 ቀን 1957 መታት። በ2025 ደግሞ በዚያችው ጁን 20፣ ከፋርጎ ብዙ በማትርቀው ኤንደርሊን አጠገብ፣ እህል የጫኑ የባቡር ፉርጎዎችን የገለበጠ ቶርኔዶ 3 ሰው ገደለ። በኋላም የመጨረሻው ከፍተኛ የቶርኔዶ ደረጃ (EF5) ተሰጠው፣ በአሜሪካ ከ2013 ወዲህ የመጀመሪያው። ትራክ የምትነዱ ወገኖች፣ ድልድይ ሥር መጠለል መዳኛ አይደለም። ነፋሱ እዚያ ሲጠብ ይፈጥናል፣ ፍርስራሹንም ይዞ ነው የሚገባው። በ1999 ኦክላሆማ ውስጥ እንዲያ ብለው የተጠለሉ ሰዎች ሞተዋል።

የቶርኔዶ ማስጠንቀቂያው ሳይረንስ? እሱ በዋነኝነት ውጭ ላለ ሰው የተሠራ ነው፣ ቤት ውስጥ ሆኖ «ካልሰማሁ ሰላም ነው» ማለት አይሠራም፤ ስልካችሁ ላይ ማስጠንቀቂያውን ክፈቱ። በሰማችሁ ቁጥርም ቶርኔዶ ነው ማለት አይደለም። እኔ ሚኒያፖሊስ በገባሁ በመጀመሪያው ዓመት፣ ፀሐይ ፏ ባለችበት ቀን፣ ሳይረኑ ሲጮህ ነጠላ ጫማዬን እንኳ ሳላደርግ ምድር ቤት ወረድኩ። ጎረቤቴ ልብስ እያጠበች ነው። እግሬን አየች፣ ሰዓቷን አየች። «የወሩ የመጀመሪያ ረቡዕ ነው፣ 7 ሰዓት ላይ ሁልጊዜ ይሞክሩታል» አለችኝና ልብሷን ማጠፍ ቀጠለች።