ማነጻጸሪያ ቡድን ምንድን ነው? «ምንም ያልተደረገባቸው» ማለት አይደለም

በካናዳ የነባር ሕዝቦች ልጆች ላይ ስለተካሄደው የምግብ ሙከራ ሰሞኑን አንድ አስተያየት አነበብኩ። ጸሐፊው «የተወሰኑት ኮንትሮል ስለነበሩ እነሱ ላይ ምንም አልተደረገም» ብሎ አልፎታል። ይህን አባባል ስሰማ የመጀመሪያዬ አይደለም። የሥነ ምግብ ምርምር ሥራዬ ስለሆነ ግን ዝም ብዬ ላልፈው አልቻልኩም፤ የብዙዎቹ ልጆች በደል የተሸፈነው በዚችው ቃል ነው።

ኮንትሮል ወይም ማነጻጸሪያ ቡድን የሚባለው የሚሞከረው ነገር ያልተሰጠው ወገን ነው። እስከዚህ ጸሐፊው ትክክል ነው። የተሳሳተው «ያልተሰጠው»ን «ያልተነካ» ብሎ መረዳቱ ላይ ነው።

ማዳበሪያ ሊሞክር ማሳውን ለሁለት የከፈለ ገበሬ አስቡ። ማዳበሪያ ያልደረሰው ግማሽ ዝናቡም ፀሐዩም አልቀረበትም፤ ማንም አልነካውም ብንል ያስኬዳል። ማሳው በመስኖ የሚለማ ቢሆንና የቦዩ መዝጊያ በሞካሪው እጅ ቢሆንስ? ሰብሉ ጠውልጎ፣ ውሃውም ሞልቶ እያለ «ልዩነቱን ልይ» ብሎ ቦዩን የዘጋ ሰው «ምንም አላደረግኩም» ሊል አይችልም። ልጅ ደግሞ እንደ ሰብል አይደለም፤ ይርበዋል፣ ያመዋል፣ ወላጅም አለው።

የነባር ሕዝቦች ልጆች ከወላጆቻቸው ተነጥለው የሚኖሩባቸው የካናዳ አዳሪ ትምህርት ቤቶች እንደዚያ ቦይ ነበሩ። ከ1920 (ዓመቶቹ ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) ጀምሮ ልጆቹን መላክ በሕግ ግዴታ ሆነ። የሚበሉትን የሚወስነው ትምህርት ቤቱ ነበር፤ ምግቡ እንደማይበቃም የመንግሥቱ የራሱ የሥነ ምግብ ባለሙያዎች በ1940ዎቹ በተደጋጋሚ አረጋግጠው ነበር።

ሙከራው የተጀመረው ግን ከትምህርት ቤቶቹ ውጭ ነው። በ1942 የመንግሥት የሕክምና ኃላፊው ፐርሲ ሙር፣ የሥነ ምግብ ባለሙያው ፍሬድሪክ ቲስዳልና ባልደረቦቻቸው በሰሜን ማኒቶባ ወደሚገኙ የክሪ ሕዝብ መንደሮች፣ ኖርዌይ ሀውስን ጨምሮ፣ ሄደው ሰው በረሃብ መጎዳቱን በዓይናቸው አዩ። ከ300 ሰዎች መካከል ለ125ቱ ቫይታሚን ሰጡ፤ የቀሩት ማነጻጸሪያ ሆኑ። ለተራበ ሰው መጀመሪያ የሚያስፈልገው ምግብ መሆኑን ለማወቅ ሙከራ አያስፈልግም ነበር።

ከ1948 እስከ 1952 ደግሞ የመንግሥት የሥነ ምግብ ክፍል ኃላፊው ሊዮኔል ፔት ሥራውን በስድስት አዳሪ ትምህርት ቤቶች፣ አንድ ሺህ ገደማ በሚሆኑ ልጆች ላይ ቀጠለ። በሹበናካዲ ትምህርት ቤት ከልጆቹ ከፊሉ የቫይታሚን ሲ እንክብል ሲወስዱ የቀሩት ባዶ እንክብል ይውጡ ነበር። ከሁሉ የሚከብደኝ ግን የአልበርኒው ትምህርት ቤት ነው። የወተት መጠን መጨመር ምን እንደሚለውጥ ለማየት መነሻ ልኬት ይፈለግ ነበር፤ ስለዚህ ሁለት ዓመት ሙሉ ልጆቹ ከሚመከረው ከግማሽ በታች ወተት ብቻ እንዲያገኙ ተደረገ፣ ከዚያም መጠኑ በሦስት እጥፍ አደገ። መነሻ ልኬት የነበረውን መመዝገብ እንጂ እጦትን ሆን ብሎ ማቆየት አይደለም። በሴንት ሜሪስ ትምህርት ቤት የተሞከረው የተጠናከረ (ቫይታሚንና ማዕድን የተጨመረበት) ዱቄት ደግሞ የደም ማነስን ይቀንሳል ሲባል የልጆቹ የደም ማነስ ባሰ።

ባዶ እንክብል በራሱ ነውር ነው እያልኩ እንዳልሆነ ይታወቅልኝ። ያለ ማነጻጸሪያ የትኛው መድኃኒት እንደሚያድን፣ የትኛው እንደሚጎዳ አናውቅም ነበር፤ በሥራዬ በየጊዜው እጠቀምበታለሁ። ግን የሚያስኬደው የትኛው እንደሚሻል በእውነት ሳይታወቅ፣ ሰውየውም ተረድቶ ሲስማማ ነው። የጎደለው ታውቆ፣ መፍትሔውም በእጅ ካለ፣ ማነጻጸሪያው ቡድን በጊዜው ካለው ሁሉ የተሻለውን እንክብካቤ ማግኘት አለበት።

«በዘመኑ ደንቡ አልነበረም» የሚልም አለ። በሰው ላይ ለሚደረግ ሙከራ የፈቃደኝነትን መርህ ቀዳሚ ያደረገው የኑረምበርግ ደንብ የወጣው በ1947 ነው፤ የትምህርት ቤቶቹ ሙከራ የተጀመረው በማግስቱ ዓመት። ደንቡ በካናዳ ሕግ እንዳልነበረ አምናለሁ። ቢሆንም ልጆቹም ወላጆቻቸውም ምን እየተደረገ እንደሆነ አልተነገራቸውም፤ ጉዳዩ በሰፊው የታወቀው ታሪክ አጥኚው ኢያን ሞዝቢ በ2013 ጥናቱን ሲያወጣ ነው።

በሙከራው ዘመን የድድ ሁኔታ ከሚለኩት ምልክቶች አንዱ ስለነበር፣ ሕክምና ልኬቱን እንዳያዛባ ተብሎ አንዳንድ የጥርስ ሕክምና እንዲቋረጥ ተደርጓል። ያ ጸሐፊ «ምንም አልተደረገም» ያለው እንግዲህ ድዱ እየታመመ ሐኪም ስለተከለከለው ልጅም ጭምር ነው።