የድሮዎቹ ትልልቅ ዶቅዶቄዎች፦ በሰሜን ሸዋ ሞተረኞች ዘንድ ያልበረደ ክርክር

«ዶቅዶቄ» የሚለው ቃል ከድምፅ የወጣ ነው። ድምፁ ግን የሁሉም ሞተር አይደለም። አንድ ሰፊ ሲሊንደር ብቻ ያለው፣ ረጋ ብሎ የሚመታ፣ በምትና በምት መካከል ትንፋሽ የሚሰማበት ሞተር ነው እንዲህ የሚለው። ዛሬ በደብረ ብርሃን አስፋልት ላይ የሚበዙት ትንንሽ ሞተሮች ድምፃቸው ሌላ ነው። ይህ ጽሑፍ የዚያ የቀድሞ ድምፅ ባለቤቶች ስለሆኑት ነው፦ በተለይ ከ1970ዎቹ እስከ 1990ዎቹ ስለተሠሩት፣ 500 ሲሲና ከዚያ በላይ (ሲሲ የሞተሩ ሲሊንደር ይዘት መለኪያ ነው) ስለሆኑት፣ ለአፈርና ለድንጋይ መንገድ ስለታሰቡት ሞተር ብስክሌቶች። ስለ ሞተሮቹ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ሁለት የቆዩ ሞተረኞች ሻይ ይዘው ከተቀመጡ ወሬው እዚህ ጋ መድረሱ አይቀርም። የሚከራከሩት በሦስት ነገር ነው። ከድሮዎቹ የትኛው ይበልጣል? ለኛ አገር መንገድ ትልቅ ሞተር ያስፈልጋል ወይ? የድሮው ከአዲሱ በእውነት ይሻላል ወይስ ናፍቆት ነው? ሦስቱ ጥያቄዎች ተለይተው አይነሱም። አንዱን ሲይዙት ሌላው ይመዘዛል።

«ትልቅ» የሚለውም ቃል ራሱ ያጣላል። በገጠሩ ብዙ ሰው መንዳት የተማረው በመሥሪያ ቤት ሞተር ነው። የግብርና ባለሙያው፣ የጤና ሠራተኛው በያማሃ ኤጂ 100 እና ዲቲ 125 ዓይነት ሞተሮች ከቀበሌ ቀበሌ ይዞር ነበር። ለእንደዚህ ያለው ሰው 175 ሲሲ ትልቅ ነው። ስለ 600 ሲሲ ስታወራው «ምን ሊሠራልህ?» ይልሃል። ጥያቄው ተገቢ ነው። መልሱ ያለው ግን መሬቱ ላይ ነው።

መሬቱና አየሩ

ደብረ ብርሃን ከአዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትር ትርቃለች። ከባሕር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ተቀምጣለች። ወደ ሰሜን ሲቀጥሉ ጣርማበር ይመጣል፤ ከፍታው ከ3,000 ሜትር ያልፋል። እዚያ ጣሊያን በወረራው ዘመን የፈለፈለው ዋሻ አለ። ዋሻውን ሲወጡ መንገዱ እየተጠማዘዘ ወደ ደብረ ሲና ይወርዳል፤ ከዚያ በአርማኒያ አድርጎ ሸዋ ሮቢት ይገባል። ሸዋ ሮቢት 1,300 ሜትር ገደማ ነው። 100 ኪሎ ሜትር በማይሞላ መንገድ ከጋቢ ወደ ሸሚዝ ትገባለህ።

ከጣርማበር ወደ መንዝ የሚገነጠለው መንገድ ደግሞ በመዘዞ አድርጎ ወደ ጓሳ ይወጣል። ጭላዳና ቀይ ቀበሮ የሚኖሩበት፣ የመንዝ ሰው ለዘመናት በራሱ ሥርዓት የጠበቀው የጓሳ ሣር ምድር ከ3,200 እስከ 3,700 ሜትር ይደርሳል። በሌላ በኩል አንኮበር አለ፤ ከአንኮበር ወደ አልዩ አምባ የሚወርደው ቁልቁለትም አለ። በምዕራብ በኩል የጀማ ወንዝ ሸለቆ አገሩን ሰንጥቆታል።

ክርክሩ የሚሞቀው እዚህ ላይ ነው። በ3,000 ሜትር ከፍታ ያለው አየር በባሕር ጠረፍ ካለው አየር በሩብ ያህል የሳሳ ነው። ሞተር ደግሞ የሚሠራው በቤንዚን ብቻ አይደለም፤ ከቤንዚኑ ጋር የሚቃጠል አየር ያስፈልገዋል። አየሩ በሩብ ሲሳሳ ጉልበቱም በዚያው መጠን ይወርዳል። 125 ሲሲ ሞተር ጣርማበር ላይ የሚስበው አየር ባሕር ጠረፍ ላይ 93 ሲሲ ሞተር የሚስበውን ያህል ነው። 600ው ደግሞ ወደ 445 ይወርዳል። ሁለቱም ሩብ አጥተዋል። ግን ከ600 ሩብ ያጣ ሞተር አሁንም ሰውዬውን፣ ሚስቱንና አንድ ኩንታል ጭኖ ዳገቱን ይወጣል። 125ቱ ግን በሁለተኛ ማርሽ እያቃሰተ ነው። «ምን ሊሠራልህ?» ለሚለው መልሴ ይኸው ነው።

የድሮ ሞተር ላይ ሌላም ችግር አለ። ቤንዚኑን የሚሰፍረው ካርቡራተር ነው። በውስጡ መሐሏ የተበሳ ትንሽ የነሐስ ብሎን አለች፤ ቤንዚኑ የሚያልፈው በሷ ቀዳዳ ነው። የምታሳልፈው ለአንድ ከፍታ የተለካ ነው። ለሸዋ ሮቢት የተስተካከለ ሞተር ጣርማበር ሲደርስ ቤንዚን ይበዛበታል፤ ካንዴላው ጥቁር ይለብሳል፣ ማርሚታው ይጨሳል፣ ሞተሩ ይንተፋተፋል። ለጣርማበር የተስተካከለው ደግሞ ቆላ ሲወርድ ቤንዚን ያንሰውና ይግላል። ይህ የከፋው ነው፤ ፒስተን ያቀልጣልና።

ስመ ጥሮቹ

ክርክሩ ብዙ ጊዜ የሚጀምረው ከያማሃ ኤክስቲ 500 ነው። ይህ 499 ሲሲ፣ አንድ ሲሊንደር፣ በአየር የሚቀዘቅዝ ባለ አራት ምት (ፒስተኑ አራት ጊዜ ሲመላለስ አንዴ የሚያቃጥል) ሞተር በ1970ዎቹ አጋማሽ ወጣ። ክብደቱ ከነዳጅ በፊት 140 ኪሎ ገደማ ነው። የሞተር ዘይቱ የሚቀመጠው በራሱ የብረት አካል ቧንቧ ውስጥ ነው። ፓሪስ–ዳካር የተባለው የበረሃ ውድድር በዲሴምበር 1978 መጨረሻ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲነሳ በሞተር ክፍሉ ያሸነፈው ፈረንሳዊው ሲሪል ኔቮ በኤክስቲ 500 ነበር። በ1980ም ደገመው። በረሃውን ሁለት ጊዜ የረታው ያን ያህል የተለየ የውድድር ማሽን አለመሆኑን ልብ በሉ። ማንም ገዝቶ ሥራ የሚሄድበት ሞተር ነበር።

ከዚህ ሞተር ጋር የተዋወቀ ሰው መጀመሪያ የሚማረው መንዳት አይደለም፤ ማስነሳት ነው። ቁልፍ ስታዞር የሚቀሰቅሰው ሞተሪኖ የለውም። በእግር ነው የሚረገጠው። ደግሞ ዝም ብሎ አይረገጥም። መጀመሪያ ፔዳሉን ቀስ አድርገህ ትጫነዋለህ፤ አንድ ቦታ ላይ እምቢ ይልሃል። ያኔ ፒስተኑ ጫፍ ደርሷል ማለት ነው። በግራ እጅህ ያለችውን ትንሽ መያዣ ስትጨብጥ ባልቦላው ትንሽ ይከፈትና የታመቀው አየር ይወጣል። ፔዳሉን ጥቂት ታሳልፈዋለህ። መያዣዋን ትለቃለህ። ከዚያ ጋዝ ሳትነካ፣ ሳታመነታ፣ እስከ ታች ትረግጣለህ። ካመነታህ መልሳ ትረግጥሃለች። ቁርጭምጭሚቴ ላይ ያለው ጠባሳ የዚህ ነው፤ ጠዋት በብርድ ቸኩዬ የሠራሁት ስህተት።

በክርክሩ ውስጥ ወጣቱ ወገን የሚስቀው በዚህ ነው። «ጋሼ፣ አሁን ይሄን ሁሉ ማን ይረግጠዋል? ጣትህን ስትጫን የሚነሳ እያለ!» ሽማግሌው ደግሞ «ባትሪህ የሞተ ለት ና፣ ታስረዳኛለህ» ይለዋል። ሁለቱም ልክ ናቸው። ግን በደብረ ብርሃን የኅዳር ውርጭ ባትሪ እንደሚደክም የሚያውቅ ሰው ወደ ሽማግሌው ማዘንበሉ አይቀርም።

ከ500ው በኋላ በ1983 ኤክስቲ 600 ቴኔሬ መጣ። ስሙ ኒጀር ውስጥ ያለ በረሃ ነው። 30 ሊትር የሚይዝ ታንክ ነበረው፤ ጉልበቱ 44 ፈረስ ገደማ። ሆንዳ በበኩሉ ከ1985 እስከ 2000 ኤክስአር 600ን ሠራ። ይህኛው ከቴኔሬ በጣም ይቀላል፤ አካሉም ለውድድር የቀረበ ነው። እስከ መጨረሻው በርግጫ ብቻ ነበር የሚነሳው። ሱዙኪ ደግሞ ዲአር ቢግ የሚባለውን አወጣ። 779 ሲሲው ሁሉ በአንድ ሲሊንደር! ብዙ ጉልበት ካለው ብዙ ሲሊንደር ይኖረዋል ብሎ ለሚያስብ ሰው ይህ አስገራሚ ነው።

ሁለት ሲሊንደር ያላቸውም የራሳቸው ተከራካሪ አላቸው። ቢኤምደብሊው በ1980 ያወጣው አር 80 ጂኤስ ካቴና የለውም፤ ጉልበቱ ወደ ኋላ ጎማ የሚሄደው በዘንግ ነው። ሆንዳ አፍሪካ ትዊን በ1988 ሲወጣ የሆንዳን የዳካር ውድድር ሞተር መልክ ይዞ ነው የመጣው፤ ያ የውድድር ሞተር ከ1986 እስከ 1989 ዳካርን አራት ጊዜ በተከታታይ አሸንፏል። አገር አቋራጭ የውጭ ተጓዦች ዛሬም በእነዚህና በልጆቻቸው ያልፋሉ። ያማሩ ናቸው። እኔ ግን ለመንዝ አልመርጣቸውም። በኋላ የመጣው 750 ሲሲ አፍሪካ ትዊን ከ200 ኪሎ በላይ ይመዝናል። ክረምት ላይ መረሬው ጭቃ ውስጥ አንዴ ከጋደመ ብቻህን አታነሳውም። በ3,500 ሜትር ላይ አየሩ ለሞተሩ ብቻ አይደለም የሳሳው፤ ለሰውም ነው።

ባለ ሁለት ምት 500ዎቹ

እነዚህ ፒስተናቸው ሁለት ጊዜ ሲመላለስ አንዴ የሚያቃጥሉ ናቸው። ድምፃቸው ዶቅ ዶቅ አይደለም፤ ፉጨትና ስንጠቃ ነው። ካዋሳኪ ኬኤክስ 500 ከ1983 እስከ 2004፣ ሆንዳ ሲአር 500 ከ1984 እስከ 2001፣ ያማሃ ዋይዜድ 490 በ1980ዎቹ ተሠርተዋል። ክብደታቸው 100 ኪሎ አካባቢ ሆኖ ሲአሩ ወደ 60 ፈረስ ጉልበት ያወጣል። ይህን ቁጥር ቆም ብሎ ማሰብ ያስፈልጋል። ጋዙን በድንገት የከፈተ ሰው የፊት ጎማው ሰማይ ነው የሚያየው። በአፈር ሜዳ የሚደረገው የዓለም የሞተር ውድድር፣ የሞቶክሮስ፣ ትልቁ የ500 ሲሲ ክፍል በሁለት ምቶች የተያዘበት ረጅም ዘመን ነበር። ቤልጂጋዊው ሮጀር ዴ ኮስተር ብቻውን አምስት ጊዜ ነግሦበታል።

የሚወዷቸው ሰዎች ፍቅራቸው ብርቱ ነው፤ እኔም ድምፃቸውን ስሰማ ደስ ይለኛል። ለሰሜን ሸዋ ግን አይሆኑም። እነዚህ የውድድር ሞተሮች መብራት የላቸውም፤ የጣርማበርን ጉም የሚያውቅ ሰው ይህ ምን ማለት እንደሆነ ያውቃል። ታንካቸው ትንሽ ነው። ዘይት ከቤንዚን ጋር ይቀላቀልላቸዋል፤ ለ32 ሊትር ቤንዚን 1 ሊትር ዘይት ማለት የተለመደ ልክ ነው።

የሚገድላቸው ግን ዳገቱ አይደለም፤ ቁልቁለቱ ነው። ዘይቱ የሚደርሰው ከቤንዚኑ ጋር ስለሆነ ጋዝ ዘግተህ ስትወርድ ሞተሩ በፍጥነት እየተሽከረከረ ዘይቱ ይቀንስበታል። ከጣርማበር እስከ ደብረ ሲና ያለውን ቁልቁለት ጋዝ ዘግቶ የወረደ ባለ ሁለት ምት ፒስተኑ ሊነክስ (ሲሊንደሩ ውስጥ ሊጣበቅ) ይችላል። ልምድ ያለው ነጂ በየመሀሉ ፍሪሲዮን ይዞ ጋዝ ይሰጣል፤ ሞተሩን ያረጥባል። ባለ አራት ምቱ ትልቅ ሞተር ግን እዚሁ ቁልቁለት ላይ ነው የሚያኮራው። ሁለተኛ ማርሽ አስገብተህ ጋዙን ስትለቅ ራሱ ይይዝሃል። አንኮበርን ወደ አልዩ አምባ ስትወርድ ፍሬን ብዙም አትነካም።

ለምን ጠፉ?

በአሜሪካና በአውሮፓ የጭስና የድምፅ ሕግ ጠበቀ። በ1997 አሜሪካዊው ዳግ ሄንሪ በአዲሱ ባለ አራት ምት ያማሃ ላስ ቬጋስ ላይ ሱፐርክሮስ (በስታዲየም የሚደረግ ሞቶክሮስ) አሸነፈ፤ ሞተሩ በዓመቱ ዋይዜድ 400 ተብሎ ለገበያ ወጣ። ቀላልና ፈጣን ባለ አራት ምት ሲገኝ ለ500 ሁለት ምት ቦታ አልቀረም። የሲሲ ብዛት ብቻውን እንደማያሸንፍ ግን ከዚያም በፊት ታይቷል። እንግሊዛዊው ጄፍ ስሚዝ በ1964 እና በ1965 የ500 ክፍሉን የዓለም ሻምፒዮና የወሰደው 500 ሲሲ ባልሞላ ቢኤስኤ በተባለ ሞተር ነበር። የትልቅ ሞተር ወዳጅ ነኝ፤ ግን ይህንን ማንሳት ይገባል።

የድሮዎቹ አንዱ ጥቅም ጥገናቸው ነው። ሲሊንደሩ በልቶ ሲሰፋ ሪቦር ይደረጋል (ውስጡ ተፍቆ ይስተካከላል)፣ በልክ የሰፋ ፒስተንና ፋሻ ይገባል፣ ሞተሩ እንደገና ይኖራል። ኮምፒውተር የለውም። ችግሩ ዕቃው ነው። ፒስተን ከውጭ ካላስመጣህ የትም አታገኝም። ብዙ ጥሩ ሞተር ጓሮ ውስጥ በላስቲክ ተሸፍኖ የቆመው ተሰብሮ አይደለም፤ አንድ ጋርኒሲዮን (በሁለት ብረት መካከል የሚገባ ማሸጊያ) ጠፍቶ ነው። ይህ ያሳዝነኛል።

የራሴን ምርጫ ካልተናገርኩ ክርክሩን ሸሸሁ ማለት ነው። እኔ የመጀመሪያውን ቴኔሬ እመርጣለሁ። በአየር ስለሚቀዘቅዝ ድንጋይ የሚመታው ራዲያተር የለውም። ታንኩ ሲሞላ ከ400 ኪሎ ሜትር በላይ ያስኬዳል፤ ቤንዚን በጀሪካን በሚፈለግበት ገጠር ይህ ትልቅ ነገር ነው። ኤክስአር 600ን የሚመርጠው ጓደኛዬ ክብደቱን ያነሳል። በጭቃ ላይ እሱ ያሸንፈኛል፤ በርቀት እኔ አሸንፈዋለሁ።

ወጣቶቹ ግን መልስ የሌለን አንድ ነጥብ አላቸው። አዲሶቹ ሞተሮች ቤንዚን የሚረጩት በኤሌክትሮኒክስ ነው። የአየሩን ግፊት ራሳቸው እየለኩ ቤንዚኑን ያስተካክላሉ። ከሸዋ ሮቢት የተነሳ አዲስ ሞተር ጓሳ ድረስ ሳይንተፋተፍ ይወጣል፤ ነጂው ከፍታ መቀየሩን የሚያውቀው ብርዱ ሲነካው ብቻ ነው። እኛ ዋሻው አፍ ላይ ቆመን፣ ጓንታችንን አውልቀን፣ በቀዘቀዘ ጣት ካርቡራተር ከፍተን ትንሿን ብሎን በሌላ እንቀይራለን። ስንመለስ ደግሞ መልሰን እንቀይራለን። የወጣችው ብሎን በሸሚዝ ኪስ፣ በወረቀት ተጠቅልላ ትቀመጣለች።