የትብብር ሥልጠና ምንድን ነው?

ቴክኒክና ሙያ የሚማር ልጅ ቤታችሁ ወይም ጎረቤት ካለ፣ «አፓረንት ልወጣ ነው» ሲል ሳትሰሙት አትቀሩም። መደበኛ ስሙ የትብብር ሥልጠና ነው። ሠልጣኙ ከሙያው የተወሰነውን ኮሌጁ ወርክሾፕ ውስጥ ይማራል፤ የቀረውን እውነተኛ ሥራ ያለበት ድርጅት ገብቶ ይለማመዳል። ጀርመኖች ለረጅም ጊዜ የሠሩበት ዘዴ ነው። እኛ ዘንድ የሚነገረው ልክ 70 በመቶ ተግባር፣ 30 በመቶ ንድፈ ሐሳብ ነው።

ትልቅ ኮሌጅ ያለዚህም ይንገታገት ይሆናል። ትንሽ የመንግሥት ኮሌጅ ግን አይችልም። የአውቶ ወርክሾፑ ውስጥ አንድ አሮጌ ሞተር አለ እንበል፤ ስንቴ ተፈቶ እንደተገጠመ ቤት ይቁጠረው። ክፍሉ በሙሉ ይከበዋል። ፊት ያለው መፍቻ ይይዛል፣ ኋላ ያለው አንገቱን ያሰግጋል። በማየት ደግሞ መካኒክ የሆነ የለም።

ለምሳሌ አዳማ ላይ ይህ ክፍተት የሚሞላው ከግቢ ውጭ ነው። ከተማዋ የጅቡቲ መንገድ ላይ ናት። ተሳቢው እዚህ ያልፋል፣ እዚህ ያድራል፣ ሲበላሽም እዚህ ይጠገናል፤ ስለዚህ ጋራዥ ሞልቷል። ስብሰባ አይጠፋባትምና ሆቴሉም እንዲሁ። ልብስ ስፌት ለምትማረው በ2011 ዓ.ም. የተመረቀው ኢንዱስትሪ ፓርክ አለ።

ወረቀቱ ላይ ኮሌጁና ድርጅቱ ይዋዋላሉ፣ አሠልጣኙም እየዞረ ይከታተላል። መሬት ላይ ብዙው ነገር በጋራዡ ባለቤት እጅ ነው። አንዱ ቀስ በቀስ ሥራ ይሰጣል። ሌላው «የሰው መኪና ያበላሽብኛል» ብሎ ልጁን መጥረጊያ ያስይዘዋል፣ ሻይ ያስመጣዋል። ባለቤቱ ላይ መፍረድ ይከብዳል፤ ስህተቱን የሚከፍለው እሱ ነዋ! የትራንስፖርቱም ነገር አለ። ብዙው ሠልጣኝ ክፍያ የለውም፤ ታክሲው ከኪሱ ነው።

ሠልጣኞቹም ተለውጠዋል። ድሮ የሚመጣው በ10ኛ ክፍል ፈተና ለመሰናዶ ያልደረሰው ነበር። ያ ፈተና ከቀረ ወዲህ 12ኛን ጨርሰው የሚመጡት በዝተዋል። በ2014 ዓ.ም. 12ኛ ክፍልን ከተፈተኑት ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ እንደነበሩ አስታውሱ። ዩኒቨርሲቲ አስቦ ብየዳ የደረሰው ልጅ መጀመሪያ ላይ ቢያኮርፍ አይገርምም። በእኔ ግምት ኩርፊያውን ቶሎ የሚያስረሳው አፓረንቱ ነው፤ ደንበኛ ቆሞ ሲጠብቅ ማኩረፊያ ጊዜ የለም።

ሻይ ሲያመላልስ የከረመው ሲኦሲ ላይ፣ ማለትም ሥልጠናውን ሲጨርስ የሚወስደው የሙያ ብቃት ምዘና ላይ፣ ይታወቅበታል። ምዘናውን የሚሰጠው ያስተማረው ኮሌጅ አይደለም፣ መዛኙም አያውቀውም። መሣሪያው ይቀርብለታል፣ ሰዓት ይያዝበታል፣ ሥራ ይባላል። ስለዚህ ልጅ ለማስመዝገብ ስትሄዱ የአምናዎቹ ሠልጣኞች ለአፓረንት የትኛው ድርጅት እንደገቡ፣ ስንት ሳምንት እንደቆዩና ማን እየሄደ እንዳያቸው ጠይቁ።