«ጋብቻ ሳንስካር ነው፤ ውል አይደለም»

ሕንድ ውስጥ የጋብቻ ሕግ ይለወጥ በተባለ ቁጥር ይህ አባባል ከወግ አጥባቂ ሂንዱዎች አፍ አይጠፋም። መጋቢት 2023 እ.ኤ.አ. (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) የሂንዱ ብሔርተኛው ድርጅት የራሽትሪያ ስዋያምሴቫክ ሳንግ (ባጭሩ ሳንግ) ዋና ጸሐፊ ዳታትሬያ ሆሳባሌም ስለ ተመሳሳይ ፆታ ጋብቻ ተጠይቀው ይህንኑ ተናገሩ። ጋብቻ ለደስታ ተብሎ የሚገባበት ነገር ወይም ውል ሳይሆን ሳንስካር ነው፤ የሚጋቡትም ወንድና ሴት ናቸው አሉ።

ሳንስካር የሚለው የሳንስክሪት ቃል ማጥራትን፣ ማነጽን፣ ለክቡር ነገር ማብቃትን ያመለክታል። ሰው ከተፀነሰበት ጊዜ አንሥቶ አስከሬኑ እስኪቃጠል የሚፈጸሙለት ሥርዓቶች መጠሪያቸው ይኸው ነው። በተለመደው አቆጣጠር 16 ናቸው፤ ስም ማውጣትና ሕፃኑን መጀመሪያ እህል ማቅመስ ከእነዚሁ ይቆጠራሉ፤ ጋብቻም አንዱ ነው። ተክሊልን ከሰማንያ ለይቶ የሚያውቅ አንባቢ የአባባሉ መንፈስ አይጠፋውም።

ሥሩ ግን ከዚህም ጠለቅ ይላል። እንደ ጥንቱ ትምህርት ሰው ሦስት ዕዳ ተሸክሞ ይወለዳል፤ የአማልክት፣ የጠቢባንና የአባቶች። የአማልክቱ በመሥዋዕት፣ የጠቢባኑ ቅዱሳት መጻሕፍቱን ቬዳን በመማር ይከፈላል። የአባቶች ዕዳ የሚከፈለው ደግሞ ልጅ በመውለድ ነው፤ ልጅ ከሌለ ለሞቱት አያቶች የተድበለበለ የሩዝ መባ የሚያቀርብላቸው አይኖርም። ሚስትም «ሳሃዳርሚኒ» ትባላለች፤ ዳርማን፣ ማለትም ሃይማኖታዊ ግዴታን፣ አብራ የምትፈጽም ማለት ነው። በጥንቱ የጀግንነት ግጥም በራማያና መጨረሻ ላይ ንጉሡ ራማ የፈረስ መሥዋዕት ሲያቀርብ ሚስቱ ሲታ አጠገቡ ስላልነበረች የወርቅ ምስሏን ሠርቶ በቦታዋ ያኖረው፣ ያለ ሚስት ሥርዓቱ ስለማይሞላ ነበር። ወግ አጥባቂው «ወንድና ሴት» ሲል ይህ ሁሉ ከኋላው አለ። ነገሩን ጥላቻ ብቻ ነው ብሎ የሚያልፍ ሰው አባባሉን አልሰማውም።

ሆኖም አባባሉ ቀደም ሲል በፖለቲካ አደባባይ የጮኸው በሌላ ጉዳይ ነበር፤ በፍቺ። በ1940ዎቹ መጨረሻ የሕንድ የሕግ ሚኒስትር አምቤድካር ፍቺን የሚፈቅድ የሂንዱ ሕግ ረቂቅ ሲያቀርብ ተቃዋሚዎቹ ቅዱስ ማሰሪያ አይፈታም ብለው ተነሡበት። ረቂቁ ሲጓተት አምቤድካር በ1951 ከሚኒስትርነቱ ለቀቀ። በ1955 የወጣው የሂንዱ ጋብቻ ሕግ ግን ፍቺን ፈቀደ፤ በእሳት ፊት የሚፈጸሙትን ሰባቱን እርምጃዎችም አክብሮ አቆየ። ዛሬ ፍቺ አለና ጋብቻ ሳንስካር መሆኑ ቀረ የሚል ወግ አጥባቂ ብዙም አይሰማም።

በ2018 የሕንድ ጠቅላይ ፍርድ ቤት የተመሳሳይ ፆታ ግንኙነትን ከወንጀልነት ሲያወጣ ሳንግ ራሱ ድርጊቱን እንደ ወንጀል እንደማያየው ገልጾ ነበር፤ ጋብቻውን ግን ከተፈጥሮ ጋር አይስማማም ብሎ አልተቀበለም። ተመሳሳይ ፆታ ጥንዶች ጋብቻ ይፈቀድልን ብለው ጠቅላይ ፍርድ ቤት ባቀረቡት የ2023ቱ ክርክር መንግሥትም ለፍርድ ቤቱ ባስገባው መልስ የሳንስካርን ቃል ጠቀሰ። እኔን የከነከነኝ እዚህ ላይ ነው። ፍርድ ቤቱ ክርክሩን በ1954ቱ የልዩ ጋብቻ ሕግ ላይ ወስኖት ነበር፤ የሃይማኖት ጋብቻ ሕጎችን አልነካም። ያ ሕግ ደግሞ እሳትም ካህንም የማይጠይቅ፣ በመዝጋቢ ፊት የሚፈረም ጋብቻ ነው። አባባሉ ራሱ ሳንስካርን ከውል ለይቶ ሳለ፣ ውል ለጠየቁ ሰዎች መከልከያ ሆኖ መቅረቡ ልክ አይመስለኝም። ጥቅምት 17 ቀን 2023 አምስቱም ዳኞች ማግባት መሠረታዊ መብት አይደለም አሉ፤ ከጋብቻ መለስ ያለ ሕጋዊ ጥምረት ይታወቅ የሚለውም በሦስት ለሁለት ወደቀ።

በዚያው ሃይማኖት ውስጥ ሌላ ድምፅ የለም ማለት አይደለም። ሽቬታሽቫታራ ኡፓኒሻድ የተባለው ጥንታዊ ቅዱስ መጽሐፍ ነፍስ ሴትም ወንድም እንዳልሆነች፣ የገባችበትን ሥጋ እንደምትለብስ ይናገራል፤ ለተመሳሳይ ፆታ ጥንዶች የሚከራከሩ ሂንዱዎች የሚያነሡት ይህን ነው። ወግ አጥባቂዎቹ በበኩላቸው ዳርማ የሚፈጸመው በሥጋ ነው ብለው ይመልሳሉ። በሠርጉ ሥርዓት፣ ሰባተኛው እርምጃ ላይ ሙሽራው የሚለው ቃል ግን ወዳጅነትን ያነሣል፤ «በሰባተኛው እርምጃ ወዳጄ ሁኚ» ነው የሚለው።