«ከሰርኩ» ሲሉ ሕጉ የሚሰማው ሌላ ነው

ቡሬ ላይ በርበሬ አከማችቶ ዋጋው የወረደበት ነጋዴ «ከሰርኩ» ይላል። ሰፈሩም ይስማማል። ሕጉ ግን ገና ነው። በ2013 ዓ.ም. በወጣው የንግድ ሕግ (አዋጅ ቁጥር 1243) ኪሳራ የሚባለው ነጋዴው ዕዳውን መክፈል ሲያቆምና ፍርድ ቤት ይህንኑ ሲወስን ነው።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። በሕግ መክሰር የነጋዴና የንግድ ማኅበር ጉዳይ ነው። ደብረ ማርቆስ ያለ መምህር ዕዳ አናቱ ላይ ቢወጣ «መክሰሬ ይታወጅልኝ» ማለት አይችልም። ለእሱ የሚቀረው ከአበዳሪው ጋር መደራደር ነው፤ ሽማግሌ ልኮም ቢሆን። ቢፈረድበት እንኳ የሚለብሰው ልብስ፣ መኝታውና የማብሰያ ዕቃው አይወሰድም።

ባንክ ሲሆን ይከብዳል። ቤት ካስያዙ፣ በአዋጅ ቁጥር 97/1990 መሠረት ባንኩ ፍርድ ቤት ሳይሄድ የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ ሰጥቶ በሐራጅ መሸጥ ይችላል። ስለዚህ ጠበቃ የሚፈለገው ወረቀቱ በደረሰ ዕለት ነው፤ በ29ኛው ቀን አይደለም።

ጠበቃ ስል ፈቃድ ያለውን ነው። ፍርድ ቤት በር ላይ ማመልከቻ የሚጽፍ ሁሉ ጠበቃ አይደለም። ፈቃዱን ለማየት አይፈሩ። የንግድ ጉዳይ ይዞ ያውቅ እንደሆነ ይጠይቁት፤ ክፍያውንም በጽሑፍ ይዋዋሉ። ሲሄዱ ውሎቹን፣ የሒሳብ ደብተሩን፣ የዱቤውን ወረቀት ሁሉ ይያዙ። ከአጎትዎ በቃል የተበደሩትንም አይደብቁት። ዕቃ በዘመድ ስም ማሸሽማ ጭራሽ አይሞከርም፤ ወኅኒ ያስገባል።