«ድምፁ ዘገየ»፦ በአሮጌ ኮምፒውተር ቪዲዮ ስናይ የምንሳሳትባቸው ግምቶች

ተናጋሪው አፉን ከዘጋ በኋላ ቃሉ ይሰማል። ወይም ቃሉ ቀድሞ ይሰማና ከንፈሩ ኋላ ይንቀሳቀሳል። ሁለቱ ፍጹም የተለያዩ ብልሽቶች ናቸው፤ እኛ ግን ለሁለቱም ያለን ስም «ድምፁ ዘገየ» የሚል ብቻ ነው። አሮጌ ላፕቶፕ ይዘው የሚቸገሩ ሰዎችን ስረዳ ያየሁት ልፋት አብዛኛው የባከነው በዚህ ስም ምክንያት ነው። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ይባላል፤ ገልብጦ የተናገረም ዕጣው ያው ነው። ስለዚህ ምንም ነገር ከመንካታችሁ በፊት ሰው ሲያጨበጭብ የሚያሳይ ቪዲዮ ክፈቱና አንድ ጥያቄ መልሱ፦ የቀደመው የትኛው ነው?

«የሚዘገየው ሁልጊዜ ድምፁ ነው»

በአሮጌ ኮምፒውተር ላይ አብዛኛውን ጊዜ የሚዘገየው ምስሉ ነው። ድምፅ ቀላል ሸክም ነው፤ በሰከንድ 128 ኪሎቢት ገደማ ይበቃዋል። የ1080 ጥራት ምስል ግን በሰከንድ በሺዎች የሚቆጠር ኪሎቢት ይፈልጋል፤ ከዚያም ታምቆ የመጣውን ፈትቶ በሰከንድ 30 ወይም 60 ጊዜ ስክሪኑ ላይ መሳል አለ። ፕሮሰሰሩን፣ ማለትም የኮምፒውተሩን ዋና አስሊ ቺፕ፣ የሚያደክመው ይህ ነው።

ማጫወቻዎች ደግሞ ብዙውን ጊዜ የሚመሩት በድምፁ ሰዓት ነው። ድምፅ ለቅጽበት ቢቆረጥ ጆሮ ወዲያው ያውቃል፤ አንድ ፍሬም፣ ማለትም ቪዲዮውን ከሚሠሩት ተከታታይ ምስሎች አንዱ፣ ቢዘለል ግን ዓይን ላያስተውለው ይችላል። ስለዚህ ፕሮሰሰሩ ሲደክም ድምፁ መንገዱን ይቀጥላል፣ ምስሉ ወደ ኋላ ይቀራል። ማጫወቻው ለመድረስ ፍሬም ይጥላል፤ ያም ካልበቃው ከንፈርና ቃል ይለያያሉ።

እንግዲህ ድምፁ ከቀደመ ፍለጋችሁ ፕሮሰሰሩና ስክሪኑ ላይ ይሁን። በእውነት ድምፁ ከዘገየ ደግሞ ድምፁ የሚሄድበትን መንገድ መርምሩ።

ሰው ሁለቱን ስህተቶች እኩል አይታገሥም። የዓለም አቀፉ ቴሌኮሙኒኬሽን ኅብረት እ.ኤ.አ. በ1998 ባወጣው ምክረ ሐሳብ መሠረት፣ ተመልካች መዛባቱን የሚያስተውለው ድምፁ በ45 ሚሊሰከንድ ገደማ ሲቀድም፣ ወይም በ125 ሚሊሰከንድ ገደማ ሲዘገይ ነው። የዘገየውን በይበልጥ የምንታገሠው ስለለመድነው ይመስለኛል። 34 ሜትር ርቆ ምስማር የሚመታ ሰው መዶሻው ሲያርፍ ካየን በኋላ ድምፁ እኛ ዘንድ እስኪደርስ 100 ሚሊሰከንድ ያህል ይወስዳል። ከመዶሻው በፊት የሚደርስ ድምፅ ግን በተፈጥሮ የለም።

«ጥፋቱ የኢንተርኔቱ ነው»

ደካማ ኢንተርኔት ቪዲዮውን ያቆመዋል ወይም ያደበዝዘዋል። ድምፅና ምስልን ማለያየት ግን የተለመደ ጠባዩ አይደለም። እያንዳንዱ የድምፅና የምስል ቁራጭ የሚጫወትበት ሰዓት ተጽፎበት ነው የሚመጣው፤ ካልደረሰ ማጫወቻው ሁለቱንም አቁሞ ይጠብቃል። የምናውቀው የሚሽከረከር ክብ ይህ ነው። በቀጥታ የቪዲዮ ጥሪ ላይ ነገሩ ይለያል፤ እዚያ ለመጠበቅ ጊዜ የለም።

ማረጋገጥ ቀላል ነው። ቪዲዮውን አቁሙና በታች ያለው ግራጫ መስመር ወደፊት እስኪሄድ ጠብቁ። ከዚያ ስታጫውቱት አሁንም ከተለያየ፣ መረጃው ኮምፒውተራችሁ ውስጥ ገብቶ ሳለ ነው የተለያየው። ፈጣን ኢንተርኔት መግዛት ይህን አያድነውም።

«ጥራት መቀነስ የሚጠቅመው ኢንተርኔት ለመቆጠብ ነው»

ለፕሮሰሰሩም ትልቅ እፎይታ ነው። የ1080 ጥራት ያለው አንድ ፍሬም ከ2 ሚሊዮን በላይ ነጥቦች አሉት፤ የ480 ግን ወደ 410 ሺህ ብቻ፣ አንድ አምስተኛ መሆኑ ነው። በዩቲዩብ ላይ ሌላም ጥቅም አለው፦ በሰከንድ 60 ፍሬም የሚሰጠው ከ720 ጀምሮ ስለሆነ፣ ወደ 480 ስትወርዱ የፍሬሙም ብዛት አብሮ ይቀንሳል። በትንሽ የላፕቶፕ ስክሪን ላይ ንግግር ወይም ትምህርት ለማየት 480 ይበቃል ብዬ አምናለሁ።

«ኮምፒውተሩ አርጅቷል፤ ከመጣል ሌላ ምርጫ የለም»

በጣም የሚያሳዝነኝ ግምት ይህ ነው፤ ደህና ዕቃ ያስጥላልና። ቪዲዮ የሚታመቅበት ዘዴ፣ ኮዴክ የሚባለው፣ በየጊዜው ይለወጣል። ኤች264 እ.ኤ.አ. በ2003፣ ቪፒ9 በ2013፣ ኤቪ1 በ2018 የመጡ ናቸው። አዲሶቹ ፋይሉን ያሳንሱታል፤ ለመፍታት ግን ይከብዳሉ። በዚህ የተነሳ አምራቾች ለመፍታት ብቻ የተሠራ ክፍል ቺፑ ውስጥ ያስገባሉ። የኢንቴል ፕሮሰሰሮች ቪፒ9ን በዚህ ክፍል ሙሉ በሙሉ መፍታት የጀመሩት ከ7ኛው ትውልድ፣ ኤቪ1ን ደግሞ ከ11ኛው ትውልድ ነው። እ.ኤ.አ. የ2012 ላፕቶፕ ኤች264ን በተሠራለት ክፍል ያለ ድካም ይፈታል፤ ቪፒ9 ሲመጣበት ግን ሥራው በሙሉ ዋናው ፕሮሰሰር ላይ ይወድቃል። ማሽኑ ያው፣ ቪዲዮው ያው፤ የተለወጠው ማሸጊያው ነው።

የትኛው እየመጣላችሁ እንደሆነ ለማወቅ ዩቲዩብ ላይ ቪዲዮውን በቀኝ ክሊክ ነክታችሁ «ስታትስ ፎር ነርድስ» የሚለውን ክፈቱ። የኮዴኩ ስምና የተጣሉ ፍሬሞች ቁጥር ይታያል። ቁጥሩ ያለማቋረጥ የሚጨምር ከሆነ ጥፋተኛው ተገኝቷል። ዩቲዩብ ኤች264ን እንዲልክ የሚያስገድዱ የብራውዘር ኤክስቴንሽኖች (ብራውዘሩ ላይ የሚጨመሩ ትንንሽ ፕሮግራሞች) አሉ፤ ኤች264ፋይ የሚባለው አንዱ ነው። ገንዘብ ከማውጣት በፊት ይህን ሞክሩ።

«ሃርድዌር አክስለሬሽንን ማጥፋት ነው መፍትሔው»

ይህ ምክር በየቦታው ይሰጣል፤ ለብዙዎች ግን ነገሩን ያባብሳል። ሃርድዌር አክስለሬሽን የቪዲዮ መፍታቱን ሥራ ቺፑ ውስጥ ላለው ለዚያ የተለየ ክፍል የሚሰጥ የብራውዘር ምርጫ ነው፤ ማጥፋት ማለት ክፍሉን ሥራ አስፈትቶ ሸክሙን ለዋናው ፕሮሰሰር መስጠት ነው። የግራፊክሱ ድራይቨር፣ ማለትም ዕቃውን ከዊንዶውስ ጋር የሚያገናኘው ፕሮግራም፣ ያረጀ ወይም የተበላሸ ሲሆን በርግጥ ማጥፋት ይጠቅማል። ሁለቱንም ሞክሩ፤ በለወጣችሁ ቁጥር ብራውዘሩን ዘግታችሁ ክፈቱ። ዊንዶውስ 10 ላይ ታስክ ማናጀር ውስጥ የግራፊክሱን ገጽ ስታዩ፣ ቪዲዮ እየተጫወተ «ቪዲዮ ዲኮድ» የሚለው መስመር ከተንቀሳቀሰ ክፍሉ እየሠራ ነው።

«ራም ቢጨመርለት ይስተካከላል»

ራሙ፣ ማለትም ጊዜያዊ ማኅደረ ትውስታው፣ ሞልቶ ኮምፒውተሩ ሃርድ ዲስኩን እያሰሰ ከሆነ፣ አዎ። ፕሮሰሰሩ 100 በመቶ ላይ ቆሞ ራሙ ግማሽ ባዶ ከሆነ ግን ገንዘባችሁን አታባክኑ።

«ብሉቱዝ ማዳመጫዬ አዲስ ነው፤ እሱ ሊሆን አይችልም»

ድምፁ በእውነት ሲዘገይ መጀመሪያ የምጠረጥረው ብሉቱዝን ነው፤ አዲስም ይሁን አሮጌ። ድምፁን አምቆ፣ በአየር ልኮ፣ ማዳመጫው ውስጥ መልሶ መፍታት ጊዜ ይወስዳል፤ ኤስቢሲ በሚባለው የተለመደ የብሉቱዝ ድምፅ ኮዴክ ከ150 ሚሊሰከንድ በላይ ሊደርስ ይችላል። ስልክ ላይ ይህ የማይታወቀው ስልኩ መዘግየቱን አውቆ ምስሉን ስለሚያቆየው ነው። አሮጌ ኮምፒውተርና አሮጌ ድራይቨር ይህን ስሌት ላያውቁት ይችላሉ። ባለ ገመድ ማዳመጫ ሰክታችሁ እዩ፤ ከተስተካከለ ምርመራው አለቀ።

ላፕቶፑን በኤችዲኤምአይ ገመድ ከቴሌቪዥን አገናኝታችሁ ስታዩ ደግሞ ተቃራኒው ይመጣል። ቴሌቪዥኑ ምስሉን ሲያሳምር ይዘገያል፤ ድምፁ ከላፕቶፑ ስፒከር ከወጣ ይቀድማል። ድምፁንም በቴሌቪዥኑ አውጡ፣ ወይም ቴሌቪዥኑን ምስል ማሳመሩን የሚቀንሰው ጌም ሞድ ላይ አድርጉት።

«ሲጀምር ደህና ስለነበር ችግሩ የቪዲዮው ነው»

ሃያ ደቂቃ በሰላም ሄዶ ከዚያ የሚለያይ ከሆነ እጃችሁን ላፕቶፑ ሥር አስገቡ። አቧራ የደፈነው ማራገቢያ ሙቀቱን ማውጣት ሲያቅተው ፕሮሰሰሩ ራሱን ለማዳን ፍጥነቱን ይቀንሳል። ሪፍሬሽ ስታደርጉት ለጊዜው የሚስተካከለው ድምፅና ምስል አብረው እንደገና ስለሚጀምሩ ነው፤ ሙቀቱ ግን እዚያው አለ። አልጋና ትራስ ላይ አስቀምጦ ማየት ይህንን ያፋጥነዋል።

«ቪኤልሲ ላይ ድምፁን ማንሸራተት ሁሉንም ያስተካክላል»

ቪኤልሲ የቪዲዮ ማጫወቻ ፕሮግራም ነው፤ በዊንዶውስ ላይ የኬ ቁልፍ ድምፁን በ50 ሚሊሰከንድ ያዘገያል፣ የጄ ቁልፍ በዚያው መጠን ያስቀድማል። ልዩነቱ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አንድ ዓይነት ከሆነ፣ ለምሳሌ በብሉቱዝ ወይም ሲቀረጽ በተበላሸ ፋይል፣ ይህ በደንብ ይሠራል። ልዩነቱ እየሰፋ የሚሄድ ከሆነ ግን ከአምስት ደቂቃ በኋላ እንደገና ቁልፉን ትነካላችሁ። ያኔ ቁልፉን ተዉትና ወደ ፕሮሰሰሩና ወደ ሙቀቱ ተመለሱ።