ነቀዝ፣ ትኋንና የጾታ ግጭት

ድሬዳዋ ቀፊራ ገበያ ሽምብራ የሚገዛ ሰው መጀመሪያ የሚያየው ፍሬው ላይ ቀዳዳ መኖሩን ነው። ካለ ነቀዝ ገብቷል። ይህ የእህል ጠላት በዝግመተ ለውጥ ተመራማሪዎች ዘንድ ትልቅ ስም አለው፤ ያውም በርቢው ጉድ።

ጾታዊ ግጭት የሚባለው ለአንዱ ጾታ የሚበጀው ነገር ሌላውን ሲጎዳ ነው። ወንዴው ብዙ ሴቶችን ባገኘ ቁጥር ዘሩ ይበዛል። ለእንቁላሎቿ የሚበቃ ዘር ላገኘች ሴት ግን ተጨማሪው ግንኙነት ብዙ ጊዜ ትርፉ ድካም ነው። ሐሳቡን በቅጡ ያደራጀው እንግሊዛዊው የሥነ ሕይወት ተመራማሪ ጄፍ ፓርከር ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1979።

ካሎሶብሩከስ ማኩላተስ በሚባለው የጥራጥሬ ነቀዝ የወንዴው ብልት እሾሃማ ነው። የሴቷን የውስጥ አካል ያቆስላል። እሷም ዝም አትልም፤ በኋላ እግሮቿ ትራገጣለች። ተመራማሪዎች እንዳትራገጥ ሲያደርጓት ግንኙነቱ ረዘመ፣ ቁስሉም በዛ። የቅርብ ዘመዶቹ ሲነጻጸሩ ደግሞ የወንዴው እሾህ በከፋበት ዝርያ የሴቷ የውስጥ ግድግዳ ይጠነክራል። አንዱ ሲሰል ሌላው ይደድራል።

ነገሩ ግን ቁስል ብቻ አይደለም። የወንዴው ፈሳሽ ብዙ ስለሆነ በደረቅ እህል መሃል ለምትኖር ሴት ውሃ ይሆናታል። የተጠማች ሴት ውሃ ካገኘችው ይልቅ ደጋግማ ትገናኛለች። ስለዚህ ጉዳቱና ጥቅሙ ያለ አካባቢው አይመዘንም።

ዘረመሉን ያጋለጠችው የበሰበሰ ማንጎ ላይ የምታንዣብበው ትንሿ የፍሬ ዝንብ ናት፤ ሐረርም ድሬም ፍራፍሬ ባለበት አትጠፋም። ከወንዴው ዘር ጋር ሴክስ ፔፕታይድ የሚባል ትንሽ ፕሮቲን ይገባል፤ የተሠራው ከ36 አሚኖ አሲዶች (የፕሮቲን መገንቢያዎች) ነው። ሴቷ ሌላ ወንድ እንዳታስጠጋና ብዙ እንቁላል እንድትጥል ያደርጋታል። ተመራማሪው ዊሊያም ራይስ እ.ኤ.አ. በ1996 ባሳተመው ሙከራ ሴቶቹ ዝንቦች ከትውልድ ትውልድ እንዳይለወጡ አግዶ ወንዶቹ ብቻ እንዲለወጡ ለቀቃቸው። ከ40 ትውልድ ገደማ በኋላ ወንዶቹ ለሴቶቹ ይበልጥ ጎጂ ሆኑ። በኋላ በተደረገ ሌላ ሙከራ አንድ ለአንድ ብቻ እንዲጣመሩ ሲገደዱ ደግሞ ገር ሆኑ።

ትኋንማ ይባስ። ወንዱ የሴቷን ሆድ ወግቶ ነው ዘሩን የሚያስገባው። እሷም ወጊያውን የሚችል ልዩ አካል አበጅታለች።

እ.ኤ.አ. በ2013 በቢንቢ የሚተላለፈው የደንጌ ትኩሳት ወረርሽኝ በገባባት ድሬዳዋ ጉዳዩ ከቤተ ሙከራ ያልፋል። የደንጌ ቢንቢ፣ ኤዴስ ኢጂፕታይ፣ ሴቷ በአብዛኛው አንዴ ብቻ ትገናኛለች። ሌላውን የሚያስገፋት የወንዴው ፈሳሽ ነው። በሌሎች አገሮች የሚሞከረው መካን ወንዶችን በብዛት የመልቀቅ ዘዴ ይህንኑ ይጠቀምበታል፤ ከመካኑ ጋር የተገናኘችው እንቁላሏ አይፈለፈልም፣ ሌላ ወንድም አትሻም።